ለስድስት አልጋ አንድ ሩተር

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነበር። 34 ዓመት በነርስነት የሠራ ሰው በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጠራ እጁ ከመድረሱ በፊት ልቡ ይደርሳል። የደወለችው ከሕፃንነቷ ጀምሬ ያሳደግኳት የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች።

«እማ፣ ደህና ነኝ። ከላይብረሪ እየተመለስኩ ነው፤ ዶርም እስክደርስ አዋሪኝ» አለችኝ።

ከድምፅዋ ኋላ የውሾች ጩኸት ይሰማል። እስክትገባ ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወራኋት። በሩን ዘግታ «ገባሁ» ስትለኝ ነው በደንብ የተነፈስኩት።

ምን እንዳስመሻት ስጠይቃት ነገሩ ኢንተርኔት ሆኖ ተገኘ። መምህራኑ የንባብ ጽሑፍ የሚልኩት፣ አሳይንመንት የሚቀበሉት፣ የፈተና ቀን የሚያሳውቁት በቴሌግራም ነው። የግቢው ዋይፋይ ደግሞ ላይብረሪው አካባቢ በደንብ ይሠራል እንጂ እነሱ ሕንፃ ጋ ሲደርስ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላል። በስልኳ ዳታ እንዳትጠቀም የምትሞላው ካርድ አይበረክትላትም። ስለዚህ በየምሽቱ ላፕቶፗን አቅፋ ትወጣለች፤ በጨለማ ትመለሳለች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ሩተር የሚባለውን ዕቃ ልገዛላት ወሰንኩ። በዚያ ሩተር ምክንያት ስለ ዕቃውም ስለ ራሴም የተማርኩት ነገር አለ። ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ ወይም ዘንድሮ ልትልኩ ስንቅ የምታዘጋጁ ወላጆች ከእኔ ስሕተት ብትማሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

አስቀድሞ መጠየቅ

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ልጄን «ፕሮክተሯን ጠይቂያት» አልኳት። በብዙ ግቢዎች ዶርም ውስጥ ምድጃና ውሃ ማፍያ ክልክል ነው። ሩተርም ከተከለከሉት መካከል መኖር አለመኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ደግነቱ ተፈቀደ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ተከተለው፦ ግድግዳው ላይ ካለው የዩኒቨርሲቲው የኔትወርክ መስመር ጋር ፈጽሞ እንዳይሰካ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ ሲያስረዳኝ ነው። ሩተር በሥሩ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የየራሱን ቁጥር ያድላል። ይህ ማለት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ማለት ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሌላ ሰው ተነሥቶ የራሱን ካርድ ክፍል ቢከፍትና ቁጥር ማደል ቢጀምር የማን ካርድ የማን እንደሆነ ይጠፋል። የግል ሩተርም አላግባብ ከግቢው መስመር ጋር ሲገናኝ ለጎረቤት ክፍሎች የተሳሳተ ቁጥር ሊያድል ይችላል። የፎቁ ተማሪ በሙሉ «ኔትወርክ የለም» እያለ ሲያማርር ይውልና መንሥኤው አንዲት ክፍል ውስጥ ይገኛል። በሲም ካርድ የሚሠራው ሩተር ግን በራሱ መንገድ ስለሚሄድ የግቢውን መስመር አይነካም። የገዛሁትም ይህንኑ ነው።

የትኛው ይሻላል?

በሲም ከሚሠሩት ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በላይ መሣሪያ አይሸከምም። ሁለተኛው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ጉልበቱ የበረታ ነው። ብዙዎቹ እስከ 32 መሣሪያ እንደሚያስተናግዱ ካርቶናቸው ላይ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ላይ ቢጫኑት ፍጥነቱ እንደሚሰንፍ እወቁ።

የልጄ ክፍል ስድስት ልጆች በሦስት ተደራራቢ አልጋ የሚያድሩበት ነው። ስድስት ስልክና አራት ላፕቶፕ፣ በድምሩ 10 መሣሪያ ሆነ። ትንሹ ገና ከመጀመሪያው ጢም ሊል ነው። ስለዚህ የሚሰካውን መረጥኩ።

ሦስት ነገር ሳያጣሩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንደኛ፣ ዕቃው ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች ስላሉን፣ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሕንፃ፣ በዚያ ክፍል መስኮት አጠገብ የትኛው እንደሚይዝ ልጆቹ በየስልካቸው አስቀድመው ይለኩ። አዲስ አበባ ላይ የፈጠነ ሁሉ እዚያ ላይፈጥን ይችላል። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ እንጠቀማለን የምትሉ ከሆነ የዕቃውን ቮልት አንብቡ። ብዙዎቹ ተሰኪ ሩተሮች 12 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ተራ ፓወር ባንክ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። መሐላቸው የሚገባ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ገመድ አለ። ሳያነቡ መሰካት ግን የመድኃኒቱን መጠን ሳያዩ መርፌ እንደመውጋት ነው።

አተካከሉ

ጠጋኙ ልጅ ሥራውን ሊጨርስልኝ እጁን ሲዘረጋ «አይ፣ እኔ ልሥራው፤ አንተ ንገረኝ» አልኩት። ልጄ ሩቅ ስለሆነች በስልክ ማስረዳት የምችለው ራሴ ከሠራሁት ብቻ ነው። አስቸጋሪ አይደለም።

ሲሙን ታስገባላችሁ፤ ትሰካላችሁ፤ መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ደቂቃ ትታገሣላችሁ። ከዕቃው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ አለ። በዚያ ስልካችሁን ታገናኙና እዚያው ወረቀት ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር፣ በስልካችሁ ጎግል በምትከፍቱበት ቦታ ትጽፋላችሁ። የሩተሩ የውስጥ ገጽ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ የዋይፋዩ ፓስወርድ ነው፤ ለክፍሉ ልጆች ይሰጣል። ሌላው የውስጡን ገጽ የሚከፍተው ነው፤ እሱን ከአንድ ኃላፊ በቀር ማንም አይያዘው። ሁለቱንም ከፋብሪካ እንደመጡ አትተዉአቸው፤ ቀይሯቸው። የመቆለፊያውን ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም ካለ ደብሊው ፒ ኤ 3 አድርጉት። ለዋይፋዩ ስም ስታወጡም የልጃችሁን ስም ወይም የዶርም ቁጥሯን አትጻፉ፤ በኮሪደር የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል።

ፓስወርዱ ለሰው ሁሉ እንዳይዳረስ የምለው ለስስት ብቻ አይደለም። ሲሙ የተመዘገበው በልጃችሁ ወይም በእናንተ ስም ነው። በዚያ መስመር የማይገባ ነገር የሠራ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለስሙ ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ልጄ መጀመሪያ እንዳይሰረቅ ብላ የብረት ሎከሯ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ከዚያ «እማ፣ የማይረባ ዕቃ ነው የሸጡልሽ» ብላ ደወለች። ብረት ሞገዱን ይጋርዳል። አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከፍ አድርጋ ስታስቀምጠው ተስተካከለ። ሩተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። ለአንዲት ክፍል ሁለተኛው ይበቃል፤ አሮጌ ስልክ ያላት ግን መጀመሪያውን ትፈልጋለች። ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ከውሃ ማፍያ ጋር እንዳይሰካ ደግሞ አደራ። ማፍያው ማከፋፈያውን ካጋለው ሩተሩም ፍራሹም አብረው ይነዳሉ።

ጥፋቴ

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ።

እኛ ነርሶች በሽተኛን በአልጋ ቁጥር የመጥራት ክፉ ልማድ አለብን። የልጄን የክፍል ጓደኞችም ሳላያቸው በአልጋ ቁጥር ነበር የማውቃቸው። ዕቃውን እኔ ከጡረታዬ ገዛሁ፤ የወሩን ፓኬጅ ስድስቱ በየወሩ 150 ብር እያዋጡ እንዲከፍሉ ተስማሙ። ሁለት ወር በሰላም ሄደ። ልጄም ማታ ማታ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትደውልልኝ ጀመር።

በሦስተኛው ወር «እማ፣ አልጋ አራት አልከፈለችም። ሁለቱ ልጆች እያጉረመረሙ ነው፤ ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቀና ሳልል «ያልከፈለ አይጠቀም፤ ፓስወርዱን ቀይሪው» አልኳት። ለምን አልከፈለችም ብዬ አልጠየቅኩም። በሽተኛ «አመመኝ» ሲል «የት ላይ?» ብዬ ስጠይቅ የኖርኩ ሴት ያን ቀን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ።

ልጄ ቀየረችው። አልጋ አራት አንድም ቃል አልተናገረችም። ላፕቶፕ ስለሌላት ስልኳን ይዛ ማታ ማታ ወደ ላይብረሪ መውጣት ጀመረች፤ የእኔ ልጅ በተወችው መንገድ፣ በዚያው ጨለማ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚድ ፈተና ደረሰ። አልጋ አራት ከሌሎቹ የተለየ ዲፓርትመንት ነው የምትማረው። የሐሙስ ከሰዓቱ ፈተናዋ ወደ ረቡዕ ጠዋት መዛወሩን የክፍላቸው ተጠሪ በቴሌግራም የላከው ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። እሷ ከላይብረሪ ተመልሳ ተኝታ ነበር። አልጋዋ በመስኮቱ በኩል የላይኛው ነው። ሩተሩ ከራስጌዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አድሯል። መልእክቱ እሷ ስልክ ላይ አልገባም። ጠዋት ልብሷን ስታጥብ ፈተናው አለፈ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። «አገናኚኝ» አልኳት። ያቺ ልጅ ስልኩን ተቀብላ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦

«ምንም አይደለም እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መክፈል ነበረብኝ። አባቴ ታሞብኝ የያዝኳትን ብር ለመድኃኒት መልሼ ላክኋት።»

ለመድኃኒት። የምላት ጠፍቶኝ «አይዞሽ ልጄ» ብቻ አልኩ።

ያን ማታ የራሴ ዶርም ትዝ አለኝ። በ1972 ዓ.ም. የነርስ ትምህርት ስማር አሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል እናድር ነበር። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ራዲዮ ነበረችን። ድንጋዩን የምንገዛው አዋጥተን ነው። ከመካከላችን ሳንቲም ያጣች ትኖራለች፤ ነገር ግን ያላዋጣችውን እንዳትሰማ ማድረግ አይቻልም፤ ራዲዮ ፓስወርድ የለውም። ሲመሽ አሥራ ሁለታችንም ጸጥ ብለን እንሰማለን። ደጎች ስለነበርን አይመስለኝም። የመከልከያው ቁልፍ እጃችን ላይ ስላልነበረ ነው። ለእህቴ ልጅ ግን ቁልፉን ገዝቼ የላክሁላት እኔው ነኝ፤ እንዴት እንደምትይዘው ሳልነግራት።

የዋይፋይ ዕድር

በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ፕሮክተሯ ዕድሜዬን አይታ መሰለኝ መታወቂያዬን ይዛ ለግማሽ ሰዓት አስገባችኝ። ስድስቱንም አልጋ ላይ አስቀምጬ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከሁሉም በፊት ባለ አልጋ አራቷን። ከዚያ ሒሳብ ሠራን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። 150 ብሩ ላይ እያንዳንዳቸው 20 ብር ጨመሩ። በወር 120 ብር፣ በሁለት ወር 240 ብር ይሆናል፤ ያጣች ብትኖር የእሷን ድርሻ ሸፍኖ ይተርፋል። እነሱ ራሳቸው እየሳቁ «የዋይፋይ ዕድር» አሉት። ያልቻለች ልጅ ለገንዘብ ያዧ ብቻ በጆሮዋ ትነግራታለች፤ ስሟ አይነሣም፤ ለምን አይባልም። ሲኖራት ትመልሳለች።

ሁለተኛው ስምምነት የሚገደበው ሰው ሳይሆን አጠቃቀም እንዲሆን ነው። ዳታውን የሚበላው ምን እንደሆነ ስናይ ቪዲዮ ሆኖ አገኘነው። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። የቴሌግራም ጽሑፍ ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። የፈተና ማስታወቂያ ለመቀበል የሚበቃው ዳታ ከአንድ ፊልም የአንዷን ደቂቃ ያህል እንኳ አይሆንም። እኔ ያን ኢምንት ነገር ነበር ያስከለከልኳት። ስለዚህ ፊልም ማውረድ የፈለገች ላይብረሪ አካባቢ ቀን ታውርድ፤ ስልክና ላፕቶፕ በራሳቸው ጊዜ የሚያወርዱት አፕዴት ይዘጋ፤ የቪዲዮው ጥራት ዝቅ ይበል ተባባልን። አንዳንድ ሩተር በውስጥ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፍጥነት ልክ የመወሰን አማራጭ አለው። የእነሱም ስላለው እኩል አካፈሉት።

ሦስተኛው ስምምነት ፓስወርድ የሚቀየረው ስድስቱም ባሉበት ብቻ እንዲሆን ነው።

ባለ አልጋ አራቷ ለዲፓርትመንቷ ማመልከቻ ጻፈች፤ የክፍሏ ልጆች ምስክር ሆነው ፈረሙላት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሜካፕ ፈተና ተፈቀደላት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዕረፍት ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ባይፈቀድላት ኖሮ ምን እላት እንደነበር ግን ዛሬም አላውቅም።

«ጨረሩ አይጎዳቸውም?»

ነርስ መሆኔን የሚያውቁ እናቶች ሁሉ የሚጠይቁኝ ይህን ነው፤ በተለይ ሩተሩ ራስጌ ላይ መቀመጡን ሲሰሙ። የማውቀውን ልንገራችሁ። የዋይፋይ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም። ራጅ የሰውነትን ሕዋስ ውስጣዊ ክፍል ለመስበር የሚበቃ ጉልበት አለው፤ የሬዲዮ ሞገድ ግን ያ ጉልበት የለውም። የሩተር ኃይል ደግሞ አነስተኛ ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ በተለምዶ ከ1 ዋት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሬዲዮ ሞገድን በጥቅሉ «ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» በሚለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ይህ ማለት ማስረጃው ውሱን ነው ማለት እንጂ ያመጣል ተብሎ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከዋይፋይ የሚወጣው ደካማ ሞገድ ጤና እንደሚጎዳ የሚያሳምን ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ርቀት ሲጨምር ደግሞ ሞገዱ በፍጥነት ይደክማል፤ ልቡ ያልረጋ ወላጅ ሁለት ክንድ ራቅ ያስደርገው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እንቅልፍ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ኢንተርኔት ከአልጋ ላይ ሲገኝ መጀመሪያ የሚሰረቀው እሱ ነው። ልጆቹ ሩተሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዋይፋዩን በራሱ እንዲያጠፋ ሰዓት ሞልተውለታል። በፈተና ሰሞን ተመካክረው ያራዝሙታል። እኔ አልጨመርኩበትም፤ የራሳቸው ሐሳብ ነው።

ባለፈው ዕረፍት ልጄ ስትመጣ በፌስታል የተቋጠረ ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና ይዛ መጣች። የባለ አልጋ አራቷ እናት የላከችልኝ ነው። አባትየው ተሽሎታል፤ ከጓሯቸው የለቀሙት ነው አሉ። ቆልቼ፣ ጎረቤት ጠርቼ ሦስተኛውን እስክንጠጣ ድረስ ስለ ልጅቷ ሳወራ ዋልኩ። በስሟ እየጠራሁ። የአልጋ ቁጥሯን ከዚያ ወዲህ አንሥቼው አላውቅም።